ለስላሳነት ንጽሕና አይደለም፦ ለቤታችን ውሃ ማለስለሻ ስለ መምረጥ

(በልደታ ለአካባቢው ነዋሪዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ትንሽ ይመስላል። የምናገረው በማንቆርቆሪያ ውስጥ ስለሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ በቦይለር ውስጥ ስለሚከማቸው ኖራ፣ እንዲሁም ይህን ያስወግዳል ተብሎ ስለሚሸጠው ውሃ ማለስለሻ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ትንሽ ጉዳይ ቤተሰቦች ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ፤ አንዳንዴም ከገንዘብ የሚከብድ ስሕተት ይሠራሉ። ይህን የምለው መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱን እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ።

የምኖረው ከዚህ ብዙም በማይርቅ ኮንዶሚኒየም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቦይለራችን ማሞቂያ ብረት ተቃጠለ። የጠራሁት የቧንቧ ሠራተኛ ብረቱን አውጥቶ ሲያሳየኝ ዙሪያውን በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል። «ውሃችሁ ኖራ አለው፤ ማለስለሻ ያስፈልጋችኋል» አለኝ። ከሮቶው አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቼ ወደ ሱቅ ሄድሁ። ሻጩ የመለኪያ ወረቀት ነከረና «በጣም ጠንካራ ነው» አለ። ዕቃውን ገዛሁ፤ በቤቱ ዋና መስመር ላይም አስገጠምሁት። ስለ ውሃ የማስተምር ሰው ሆኜ ሳለ፣ ተማሪዬ ቢዘነጋው የምቆጣበትን ጥያቄ አልጠየቅሁም፦ ይህ ናሙና የየትኛው ቀን፣ የየትኛው ምንጭ ውሃ ነው? በዚያ ሳምንት መስመሩ ተቋርጦ ስለ ነበር ሮቶውን የሞላነው በቦቴ ከመጣ የጉድጓድ ውሃ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ከመሠረቱ እንጀምር። ለስላሳ ውሃ ስል በጠርሙስ የሚሸጠውን ለስላሳ መጠጥ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ከሰማይ የሚወርድ ዝናብ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። በአየርና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና በመጠኑ አሲዳማ ይሆናል፤ ወደ ዓለት ሲዘልቅም ካልሲየምንና ማግኒዚየምን እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። እነዚህ ሁለቱ የበዙበትን ውሃ ጠንካራ ውሃ እንለዋለን። እናቶቻችን ግን ያለ ቤተ ሙከራ ያውቁት ነበር፤ «ይህ ውሃ ሳሙና አያስነሳም» ይሉ ነበር። ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተዋሕዶ አረፋውን ወደ ነጭ አተላ ይለውጠዋልና።

ጥንካሬ የሚለካው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ባለ የካልሲየም ካርቦኔት ሚሊ ግራም ነው። በተለመደው አከፋፈል እስከ 60 ድረስ ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። የዓለም የጤና ድርጅት ጥንካሬን በተመለከተ ለጤና ሲባል ያስቀመጠው ወሰን የለም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ለሰውነት የሚያስፈልጉ ማዕድናት ናቸውና። ስለዚህ ጠንካራ ውሃ የሚጎዳው ቦይለሩን፣ ቧንቧውንና ሳሙናውን እንጂ ጠጪውን አይደለም። ይህን አንድ ነጥብ አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ጥንካሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በባይካርቦኔት መልክ የሚገኘው ነው፤ ውሃው ሲፈላ ወደ ካርቦኔትነት ተለውጦ ይዘቅጣል፤ የማንቆርቆሪያችን ቅርፊት ይህ ነው። አቼቶ ወይም ሎሚ ብታፈስሱበት አረፋ እያወጣ ይሟሟል። ሁለተኛው ከሰልፌት ወይም ከክሎራይድ ጋር የተያያዘው ነው፤ ይህ በማፍላት አይወገድም። በመቀሌ ዙሪያ ኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ስላለ ሁለቱም ዓይነት በከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ይገኛሉ፤ ድሬዳዋም በኖራ ድንጋይ ምድር ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ውሃዋ በጠንካራነቱ ይታወቃል። በዚያ የሚኖር ወንድሜ ማለስለሻ ቢገዛ አልከራከረውም።

የእኛስ ውሃ? አዲስ አበባ የምትጠጣው ከሁለት ዓይነት ምንጭ ነው። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ግድቦች የሚያጠራቅሙት የገጸ ምድር ውሃ ነው፤ ከዓለት ጋር ብዙ ስላልቆየ በአመዛኙ ለስላሳ ነው። የለገዳዲ ችግር ማዕድን ሳይሆን በክረምት የሚያደፈርሰው የሸክላ አፈር ነው። በሌላ በኩል የአቃቂ ጉድጓዶች ከእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ የሚወጣ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ባይካርቦኔት የሚበዛበት ውሃ ይሰጣሉ። የትኛው ምንጭ ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚደርስ በወቅቱና በሥርጭቱ ሁኔታ ይለያያል። በዚህ ላይ የየሕንፃውን የግል ጉድጓድ፣ ቦቴውንና ሁሉን አቀላቅሎ የሚያቆየውን ሮቶ ጨምሩ። ስለዚህ «የልደታ ውሃ» ብለን በአንድ ቁጥር የምንጠራው ውሃ የለም። ጎረቤት ለጎረቤት እንኳ ሊለያይ ይችላል።

ማዕድን ያለበት ውሃ ሁሉ ጠንካራ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙም አሳስባለሁ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ይህችን ከተማ የቆረቆሩት በፍል ውሃው አጠገብ ነው። ፍል ውሃ በማዕድን የበለጸገ ነው፤ ነገር ግን የሚበዛበት ሶዲየም ባይካርቦኔት እንጂ ካልሲየም አይደለም። በስምጥ ሸለቆም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ጉድጓዶች በጥንካሬ መለኪያ ሲታዩ «ለስላሳ» ሲሆኑ ፍሎራይዳቸው ግን ከፍተኛ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በወንጂ ከዚያ እጅግ የበለጠ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው በልዟል፣ አጥንታቸውም ተጎድቷል። ለስላሳ ውሃ ደግ ውሃ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። የውሃ ማለስለሻ ሬዚን በሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች የተሞላ ጋን ነው። እንክብሎቹ ሶዲየም ተሸክመው ይቆያሉ፤ ጠንካራ ውሃ ሲያልፍባቸው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ሥራው ልውውጥ ነው፤ ማጣራት አይደለም። እንክብሎቹ በካልሲየም ሲሞሉ በጨው ውሃ ይታጠባሉ፤ ካልሲየሙ ወደ ፍሳሽ ይወጣና ሶዲየሙ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ልኩን ለማወቅ ይህን ስሌት በየቤታችሁ ሥሩት። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን 80 ሊትር ቢጠቀሙ 400 ሊትር ይሆናል። የውሃው ጥንካሬ 200 ከሆነ በቀን 80 ግራም ይወገዳል ማለት ነው። አንድ ሊትር ሬዚን በተለመደው አሠራር 50 ግራም ያህል ይይዛል፤ እንግዲያው 10 ሊትር ሬዚን ያለው ዕቃ በየስድስት ቀኑ መታጠብ አለበት። እያንዳንዱ እጥበት ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ጨውና እስከ 100 ሊትር የሚደርስ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ 100 ሊትር አምስት ጀሪካን መሆኑን አትርሱ። በተጨማሪም ዕቃው በቂ ግፊት ይሻል፤ ከሮቶ በራሱ ክብደት ብቻ ለሚወርድ ውሃ ፓምፕ ሊያስፈልግ ይችላል። ጨውም ንጹሕ መሆን አለበት፤ አፈር ያለበት ጨው ጋኑን ይደፍነዋል።

ማለስለሻ የማያደርገውን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ተሕዋስያንን አይገድልም። ፍሎራይድን አያስወግድም። ድፍርስ ውሃን ለማጥራት የተሠራ አይደለም፤ እንዲያውም ጭቃ ሬዚኑን ያበላሸዋል። በገበያው ሁሉም «ማጣሪያ» ተብሎ ስለሚጠራ ነው ግራ መጋባቱ።

የእኔ ዕቃ በተገጠመ በሳምንቱ አንዲት ወጣት ጎረቤታችን ጀሪካን ይዛ በሬን አንኳኳች። ገና ጡት ያልጣለ ልጅ አላት። «ጋሼ፣ ማጣሪያ አስገባችሁ ሲሉ ሰማሁ። ለልጁ የዱቄት ወተት መበጥበጫ ትንሽ ልቅዳ? ከእንግዲህ ማፍላቱ ይቀርልኛል» አለችኝ። ጀሪካኑን ተቀብዬ ወደ ቧንቧው ካመራሁ በኋላ ነው ያባነነኝ። ያ ውሃ ከሮቶ የወረደ ውሃ ነው። ለስላሳ ሆኗል፤ ንጹሕ ግን አልሆነም። ከዚያም በላይ ሶዲየም ተጨምሮበታል። መለስሁላትና አስረዳኋት፤ ማፍላቷን እንዳትተው፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንድታቆየው ነገርኋት። ያን ቀን ሌላ ሰው በሩን ከፍቶላት ቢሆንስ? እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ስለ ሶዲየሙም ትክክለኛውን መጠን እንያዝ። የ200 ጥንካሬ ሲለሰልስ በሊትር 92 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይጨመራል። ሁለት ሊትር የሚጠጣ ሰው 184 ሚሊ ግራም ያገኛል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ነው። ለጤነኛ ሰው የሚያስፈራ አይደለም፤ በደም ግፊት ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሐኪም ጨው ለከለከለው ሰውና ለሕፃን ግን ትርጉም አለው። እናቴ የግፊት ታካሚ ናት፤ ወጥዋን ያለ ጨው እየበላች ቡናዋን በዚያ ውሃ እናፈላላት ነበር።

እንግዲህ ምክሬን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ሳትገዙ ለኩ። ከመስመር የመጣውን፣ ከሮቶ የወረደውንና ቦቴ ያመጣውን ለየብቻ፣ በበጋም በክረምትም ለኩ። መለኪያ ወረቀት ከሌላችሁ፣ የልብስ ሳሙና ፍቃችሁ በጥቂት ውሃ አሟሙ፤ የዝናብ ውሃና የቤታችሁን ውሃ በሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች በእኩል መጠን ጨምራችሁ፣ ከሳሙናው እኩል ጠብታ አድርጋችሁ ናጡ። የአረፋው ልዩነት ይነግራችኋል። የዱቄት ሳሙና ግን አትጠቀሙ፤ በጠንካራ ውሃም ስለሚያረፋ ያታልላችኋል።

ሁለተኛ፣ ችግራችሁ ምን እንደሆነ ለዩ። ድፍርስ ከሆነ የደለል ማጣሪያ፣ የክሎሪን ሽታ ከሆነ የከሰል ማጣሪያ፣ ተሕዋስያን ከሆነ ማፍላት ወይም ክሎሪን፣ ፍሎራይድ ከሆነ ለእርሱ የተለየ ማጣሪያ ነው መድኃኒቱ። ማለስለሻ የኖራ መድኃኒት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሃው ለስላሳ ወይም መካከለኛ ከሆነ ማለስለሻ አትግዙ። የቦይለሩን ሙቀት ከመጨረሻው ወደ 60 ዲግሪ አውርዱ፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ኖራው ይበዛልና። በዓመት አንድ ጊዜ አስከፍታችሁ አስጠርጉ። በማግኔት እናለሰልሳለን ለሚሏችሁም አትቸኩሉ፤ ማግኔት ካልሲየሙን ከውሃው አያወጣም፤ ቅርፊትን ይቀንሳል በሚለው ላይም የሙከራ ውጤቶች አይስማሙም።

አራተኛ፣ ውሃው ሁልጊዜ ከ180 በላይ ከሆነና ማለስለሻ ከወሰናችሁ፣ ወደ ቦይለሩና ወደ ልብስ ማጠቢያው በሚሄደው መስመር ላይ ብቻ አስገጥሙ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሳይለሰልስ ይቅር። ሻጩንም የሬዚኑን መጠን በሊትር፣ የአንድ እጥበቱን ጨውና ውሃ፣ ሬዚኑና መለዋወጫው እዚሁ መገኘቱን ጠይቁት። መመለስ ካልቻለ ሌላ ሱቅ አለ።

እኔ በመጨረሻ ምን አደረግሁ? ለወራት የመስመሩን ውሃ ስለካ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ፣ አንዳንዴ መካከለኛ ሆኖ አገኘሁት። ቦይለሩን ያቃጠለው ለዓመታት እስከ መጨረሻው ሙቀት ከፍተን አንድም ቀን አለማስጠረጋችን ነበር። ማለስለሻውን አስነቀልሁ፤ አሁን ለተማሪዎቼ ማሳያ ሆኖ በቤተ ሙከራ ተቀምጧል፤ ቢያንስ በዚያ በኩል ደመወዙን እየሠራ ነው።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ከነገርኋችሁ ቁጥር ሁሉ አንድም ባታስታውሱ አላዝንም። ነገር ግን ጎረቤታችሁ ጀሪካን ይዛ ስትመጣ፣ የሚለሰልሰው ውሃ ለቦይለሩ፣ የሚፈላው ውሃ ለልጁ መሆኑን ንገሩልኝ።