የሎርድ ዴላሚር መሬት

በኬንያ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ታሪክ ውስጥ ስሙ ከመሬት ጋር የተቆራኘ ሰው ሲፈለግ ከሦስተኛው ሎርድ ዴላሚር፣ ከሂዩ ቸምሊ የሚቀድም የለም። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1870 በእንግሊዝ አገር በቼሽር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ሲሞት በ17 ዓመቱ ማዕረጉንና የቤተሰቡን ርስት ወረሰ። ከትምህርት ይልቅ አደን ያጓጓው ስለነበር ከ1891 ጀምሮ ወደ ሶማሊላንድ ይመላለስ ያዘ። በአንዱ ጉዞ አንበሳ ጥሎት ነበር፤ ያተረፈው ሶማሌው ጠብመንጃ ያዡ አብዱላህ አሹር ነው። ዴላሚር ግን ከዚያ ወዲያ አንካሳ ሆኖ ቀረ። በ1896 ደግሞ የግመል ቅፍለት አደራጅቶ ከበርበራ ተነሣና በሶማሌና በቦረና ምድር አቋርጦ፣ በማርሳቢት በኩል የላይኪፒያ ደጋ ላይ ወጣ። ከወራት በረሃ በኋላ ያየው ለምለም ሣር የቀረ ዕድሜውን ወሰነው።

ያ ደጋ ሰው የማያውቀው ምድር አልነበረም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያን ለክፉ ቀን የዳረገው የከብት እልቂት ወደ ደቡብ ወርዶ የዚያ ምድር እረኞች የሆኑትን የማሳዮችንም ከብት ፈጅቷል። ፈንጣጣና የእርስ በርስ ጦርነት ሲታከሉበት የስምጥ ሸለቆው ግጦሽ ለጊዜው ሳሳ። እንግሊዞች የደረሱት በዚህ መሐል ነበርና፣ ከመቅሠፍት በማገገም ላይ ያለ ሕዝብ የለቀቀውን ግጦሽ ባለቤት የሌለው መሬት ብለው መዘገቡት።

ከሞምባሳ ተነሥቶ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ብዙ ገንዘብ ፈጅቶ የሚጭነው ዕቃ አጥቶ ነበር። አስተዳደሩ መፍትሔ ያደረገው ነጭ ገበሬዎችን በሐዲዱ ዳርና ዳር ማስፈር ነው። ዴላሚር ሁለት ጊዜ መሬት ጠይቆ ተከለከለ፤ አንደኛው ከሰው መንደር የራቀ ነው ተባለ፣ ሌላኛው ከማሳዮች ጋር ያጋጫል ተባለ። በሦስተኛው ጥያቄ፣ በ1903፣ ንጆሮ በተባለ ስፍራ 100,000 ኤከር (40,000 ሄክታር ያህል) በ99 ዓመት ሊዝ አገኘ። የዓመት ኪራዩ 200 ፓውንድ ሲሆን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ 5,000 ፓውንድ መሬቱ ላይ እንዲያወጣም ግዴታ ገባ። ኪራዩ ሲሰላ ለአንድ ኤከር ግማሽ ፔኒ እንኳ አይሞላም። ርስቱን ‘ኢኳተር ራንች’ ብሎ ሰየመው።

ንጆሮ ግን አዋረደችው። ከኒውዚላንድ ያስመጣቸው የሜሪኖ በጎች አብዛኞቹ አለቁ። ማሳዮች ያንን ሣር መልኩ ቢያምርም ከብት አያፋፋም ብለው ይሸሹት ነበር፤ አፈሩ ማዕድን እንደሚጎድለው በሳይንስ የታወቀው ቆይቶ ነው። በአቅራቢያው ያሉትን እረኞች አስቀድሞ መጠየቅ ብዙ ሺህ ፓውንድ ባዳነለት። ከውጭ ያመጣቸውን ከብቶች ደግሞ መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታና የሳንባ ሕመም ጨረሳቸው። ወደ ስንዴ ቢዞር ዋግ መታው። እዚህ ላይ ግን ግትርነቱ ፍሬ አፈራ፤ ዋግን የሚቋቋም ዝርያ የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች በራሱ ወጪ ቀጠረ፣ በ1908ም ‘ኡንጋ’ የተባለው የዱቄት ፋብሪካ ኩባንያ እንዲቋቋም አደረገ። ንጆሮ እስከ ዛሬ የስንዴ ምርምር ማዕከል ናት። ለዚህ ሁሉ ወጪ የእንግሊዝ አገሩን ርስት በመያዣ እያስያዘ ይበደር ነበር። በ1906 በኤልመንቴይታ ሐይቅ አጠገብ ሶይሳምቡ የተባለውን ሰፊ ይዞታ ጨመረ፤ በጎቹ የሰመሩለት እዚያ ነው።

የሰፋሪዎቹ መሬት የተለቀቀው እንግሊዞች ከማሳዮች ጋር ባደረጓቸው ሁለት ውሎች ነው። በ1904 ማሳዮች ስምጥ ሸለቆውን ለቀው ከፊሉ ወደ ላይኪፒያ፣ ከፊሉ ወደ ደቡብ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ውሉ ማሳይ እስካለ ድረስ እንደሚጸናም ተጻፈ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1911፣ ላይኪፒያም ለሰፋሪ ተፈለገችና በአዲስ ውል ሁሉም ወደ ደቡብ እንዲጓዙ ታዘዘ። በሌጋሊሹ የሚመሩት የላይኪፒያ ማሳዮች ጠበቃ ገዝተው ክስ መሠረቱ። ፍርድ ቤቱ በ1913 ጉዳዩን ውድቅ ያደረገው፣ ውሉ በሁለት ሉዓላውያን መካከል የተደረገ ስለሆነ የአገር ውስጥ ዳኛ ሊያየው አይችልም በሚል ነው። መሬት ሲነጠቅ እንደ ተገዥ የተቆጠረ ሕዝብ ፍርድ ሲጠይቅ ሉዓላዊ ተባለ።

ዴላሚር ማሳዮችን ይወድ እንደነበር፣ እረኞቹም እነሱ እንደነበሩ ወዳጆቹ ደጋግመው ጽፈዋል። ፖለቲካው ግን ሌላ ነው። የሰፋሪዎች ማኅበር መሪና የሕግ አውጪው ምክር ቤት አባል ሆኖ፣ ደጋው ለነጮች ብቻ እንዲከለልና አገሩም በእነሱ እንዲመራ እስከ መጨረሻው ታገለ። የ1915ቱ የመሬት ሕግ የሊዙን ዘመን ወደ 999 ዓመት አራዘመው። በ1923 ለንደን ኬንያ ውስጥ የአፍሪካውያን ጥቅም እንደሚቀድም ብታስታውቅም የደጋው ይዞታ አልተነካም። ዴላሚር በ1931 ሲሞት ለባንኮች ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ዕዳ ነበረበት። የተቀበረው ሶይሳምቡ ነው።

ከ1963ቱ ነጻነት በኋላ ናይሮቢ ያለው የዴላሚር ጎዳና የኬንያታ ጎዳና ተባለ፤ ሐውልቱም ተነሥቶ ወደ ርስቱ ተወሰደ። ብዙ ሰፋሪዎች መሬታቸውን ሸጠው ሲሄዱ ቤተሰቡ ግን ቀረ። በ2005 እና በ2006 የልጅ ልጁ ልጅ በቤተሰቡ መሬት ላይ ሁለት ኬንያውያንን ተኩሶ ሲገድል የቆየው ቁጣ ገነፈለ። የመጀመሪያው ክስ ተቋረጠ፤ በሁለተኛው በ2009 የስምንት ወር እስራት ተፈረደበት። በዚሁ መሐል፣ በ2007፣ 48,000 ኤከር ያህል የሆነው ሶይሳምቡ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ሆነ፤ ኤልመንቴይታ ሐይቅም በ2011 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አንዱ ነው። የ2010 ሕገ መንግሥት የኬንያ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት ከ99 ዓመት ሊዝ በላይ እንዳይዝ ከልክሏል።

ማሳዮች በ2004፣ የመጀመሪያው ውል 100ኛ ዓመት ሲሞላ፣ የላይኪፒያ መሬት ይመለስልን ብለው ሰልፍ ወጡ፤ የኬንያ መንግሥት ጥያቄውን አልተቀበለም። የ1913ቱም መዝገብ የተዘጋው መሬቱ የማን እንደነበር ሳይመረመር ነው።