አንድ ሚሊዮን ተኩል ወታደር በአንድ መንገድ ማለፍ ይችላል? የታሪክ መጻሕፍትን በሒሳብ መፈተሽ

የጦርነት ታሪክ የሚያነብ ሰው ቁጥር አይቸግረውም። የዚህኛው ጦር ይህን ያህል ሺህ ነበር፣ ከዚያኛው ይህን ያህል አለቀ የሚል ዐረፍተ ነገር በየገጹ አለ። ብዙዎቻችን የነገሥታቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ለፈተና እንሸመድዳለን እንጂ ቁጥሮቹ ላይ ቆም ብለን አንጠይቅም። ግን ሠራዊት ማለት ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መንገድ ላይ ቦታ ይይዛል። እነዚህ ሦስት ነገሮች በየትኛውም ንጉሥ ትእዛዝ አይለወጡም። ስለዚህ የዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ የተጻፈ ቁጥር እንኳ ዛሬ በእስክሪብቶና በወረቀት ሊፈተሽ ይችላል ማለት ነው።

እስቲ በጦርነት እንጀምርና ወደ ሃይማኖት መስፋፋትና ወደ አብዮት እንለፍ። ሦስቱም የየራሳቸው መፈተሻ አላቸው።

የፋርሱ ንጉሥ ሠራዊት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ ግሪክን ወረረ። ታሪኩን ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ የጻፈው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ነው። እሱ እንደሚለው የምድር ጦሩ እግረኛ ብቻ 1,700,000 ነበር። አቆጣጠሩንም ይነግረናል፦ 10,000 ሰው አንድ ቦታ ላይ ተጠጋግቶ እንዲቆም ተደረገ፤ ዙሪያው ተሰመረ፤ ሰዎቹ ወጥተው በመስመሩ ላይ እስከ እምብርት የሚደርስ አጥር ታጠረ። ከዚያ ሠራዊቱ በየተራ እየገባ አጥሩን ሞላ። 170 ጊዜ ሲሞላ 1,700,000 ይሆናል። ዘዴው ራሱ ብልህ ነው፤ እህል በቁና ሰፍሮ እንደ መቁጠር ነው።

አሁን እኛ እንፈትሸው። ወታደሮቹ አራት አራት ሆነው ይሄዳሉ እንበል። አንዱ ረድፍ ከሚቀጥለው ጋር 1.5 ሜትር ይራራቃል፤ ጦርና ጋሻ ለያዘ ሰው ይህ ጠባብ ነው። 1,700,000 ለ4 ሲካፈል 425,000 ረድፍ ይሆናል። በ1.5 ሜትር ስናባዛው ከ637 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል። ይህ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚወስደው የመኪና መንገድ ይረዝማል! ፈረስ፣ ግመልና ጋሪ ገና አልተቆጠረም። ሠራዊቱ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ የመጨረሻው ረድፍ ከሰፈሩ የሚነሣው የመጀመሪያው ከተነሣ ከ32 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ፊተኛው ጦርነት ገጥሞ ሲጨርስ ኋለኛው ገና ዕቃውን እየሸከፈ ነው እንደ ማለት ነው።

ምግቡንስ? ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እህል ብንይዝ 1,700,000 ኪሎ ወይም 17,000 ኩንታል በየቀኑ ያስፈልጋል። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለች ብንል የአንድ ቀን ስንቅ ብቻ 34,000 አህያ ይጠይቃል። አህዮቹም ይበላሉ። እርግጥ ፋርሶች አስቀድመው በየባሕሩ ዳር ስንቅ አከማችተው ነበር፤ መርከብም ነበራቸው። ይህ ችግሩን ያቀለዋል እንጂ አይፈታውም። የመንገዱን ርዝመት ደግሞ መርከብ አያሳጥረውም።

የሚገርመው ሄሮዶቱስ ራሱም ሒሳብ ሠርቷል። የባሕር ኃይሉን፣ በመንገድ የተቀላቀሉትንና አገልጋዮቹን ሁሉ ደምሮ 5,283,220 ሰው ላይ ደረሰ። ለእያንዳንዱ በቀን አንድ ስፍር እህል (ወደ አንድ ሊትር ገደማ) ሰጠና ጠቅላላውን ወደ ትልቁ የግሪክ መስፈሪያ ቀየረው። ትልቁ መስፈሪያ 48 ትንንሽ ስፍር ይይዛል። የእሱ መልስ 110,340 ነው። እናንተ ብታካፍሉት ግን 110,067 ታገኛላችሁ። በወረቀትና በአረብ ቁጥር ሳይሆን በጠጠር ለሚያሰላ ሰው ትንሽ ስሕተት ናት። ዋናው ነገር ከመልሱ በኋላ ያደረገው ነው፤ ቁጥሩን ከመጠራጠር ይልቅ ያን ሁሉ ሰው የመገበ ስንቅ መገኘቱን ተደነቀ። እኛ መደነቁን ትተን ወደ ኋላ ተመልሰን መነሻውን ቁጥር እንጠይቃለን።

የመንገዱን ሒሳብ መጀመሪያ እንደ መሣሪያ ከተጠቀሙበት መካከል ጀርመናዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ሐንስ ዴልብሩክ (1848–1929 እ.ኤ.አ.) አንዱ ነው። የሄሮዶቱስን ሙሉ ቁጥር ብንቀበል የሰልፉ ግንባር ግሪክ ውስጥ ቴርሞፒሌ ሲደርስ ጭራው ከዛሬዋ ኢራን፣ ከሱሳ ከተማ ገና እየወጣ ይሆን ነበር ሲል አስረዳ። የዘመናችን ብዙ ተመራማሪዎች ሠራዊቱን የሚገምቱት ከ300,000 በታች ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ "ሄሮዶቱስ ውሸታም ነው" ማለት አይደለም። ወረራው ተደርጓል፣ ሠራዊቱም ለዘመኑ ግዙፍ ነበር። የወደቀው አንድ ቁጥር ነው።

ሽምብራ ኩሬ፦ ሁለት ባላጋራዎች ሲስማሙ

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1529 እ.ኤ.አ. (በእኛ 1521 ዓ.ም.) የዐፄ ልብነ ድንግልና የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊቶች ዛሬ ሞጆ በሚባለው አካባቢ፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ ተጋጠሙ። ድሉ የኢማሙ ሆነ። ስለዚህ ጦርነት ከሁለቱም ወገን ጽሑፍ አለን፤ ይህ ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ሀብት ነው።

"ፉቱሕ አል ሐበሻ" የተባለውን መጽሐፍ በዐረብኛ የጻፈው በዘመኑ የነበረውና የኢማሙ ወገን የሆነው ሺሃብ አድ ዲን ነው። እንደ እሱ ቁጥር የኢማሙ ጦር 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ፣ የንጉሡ ጦር ደግሞ 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ ነበር። በንጉሡ ወገን ያለው ዜና መዋዕል በበኩሉ ኢማሙ 300 ፈረሰኛና ጥቂት እግረኛ እንደነበራቸው፣ የንጉሡ ጦር ግን ከ3,000 በላይ ፈረሰኛና ስፍር ቁጥር የሌለው እግረኛ እንደነበረው ይናገራል።

"ጠላትና ጠላት ከተስማሙማ እውነት ነው" ለማለት ያጓጓል። ግን አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ እያንዳንዱ ጸሐፊ ልዩነቱ እንዲሰፋ ምክንያት አለው ወይ? ለአሸናፊው፣ ጥቂቶች ብዙዎችን ድል ማድረጋቸው የፈጣሪ እርዳታ ምልክት ነው። ለተሸናፊውም፣ ብዙዎች በጥቂቶች መሸነፋቸው ስለ ኃጢአት የመጣ ቅጣት ነው። ሁለቱም ሃይማኖታዊ ትርጓሜ፣ ሁለቱም ሰፊ ልዩነት ይስማማቸዋል። ስለዚህ የንጉሡ ጦር በቁጥር ይበልጥ ነበር የሚለው ሚዛን ይደፋል፤ በስንት እጥፍ የሚለው ግን ክፍት ነው። የፈረሰኛው ቁጥር ብቻ እንኳ 3,000 እና 16,000 ነው፤ ከአምስት እጥፍ በላይ ልዩነት።

200,000ውን እግረኛ በዚያው በቀደመው ሒሳብ ብናሰልፈው 75 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ሞጆ የሚያደርሰውን መንገድ ያህል። ያጠራጥራል፣ ግን እንደ ዜርክሲስ ቁጥር "አይቻልም" አያሰኝም። የዚያን ዘመን ሠራዊት ሚስትና ልጅ፣ አገልጋይ፣ ነጋዴ፣ ስንቅ ተሸካሚ ይዞ የሚንቀሳቀስ የድንኳን ከተማ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የንጉሡን ግዙፍ ሰፈር ገልጾልናል። ሜዳ ላይም በአንድ መንገድ ብቻ አይሄዱም። ቁጥሩ ተዋጊውን ብቻ ነው ወይስ ሰፈሩን ሁሉ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር በ1541 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ የወረዱትን፣ በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የሚመሩትን 400 ገደማ ፖርቱጋላውያን አነጻጽሩ። ይህ ቁጥር ብዙም አያከራክርም። ለምን? በመርከብ የሚጫን፣ ጠመንጃ የሚታደለው ጦር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከርቀት በዓይን የተገመተ ብዛትና በእጅ የተቆጠረ ብዛት እኩል አይታመኑም።

ሃይማኖት ሲስፋፋ ሳንቲሙ ምን ይላል?

የሃይማኖት መስፋፋትን በሰልፍ ርዝመት መፈተሽ አይቻልም። ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ክርስትና ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት እንዴት እንደገባ የሚተርከው ጥንታዊ መጽሐፍ በ400 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የጻፈው የሩፊኑስ ነው። በመርከብ ሲጓዙ አደጋ የደረሰባቸው ሁለት ወጣቶች፣ ፍሬምናጦስና ኤዴሲዮስ፣ ቤተ መንግሥት ገብተው አደጉ፤ በኋላም ፍሬምናጦስ በእስክንድርያው አትናቴዎስ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ ይላል። ታሪኩ ያምራል። ግን የሚያምር ታሪክ ሁሉ እውነት አይደለም፤ ስለዚህ ከመጽሐፉ ውጪ ምስክር እንፈልጋለን።

አንደኛው ምስክር ሳንቲም ነው። የንጉሥ ኢዛና የቀደሙ ሳንቲሞች ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት አለ፤ የኋለኞቹ ላይ በቦታው መስቀል ገባ። ሁለተኛው የድንጋይ ጽሑፍ ነው። በቀደሙት ንጉሡ ድሉን ለመሕረም አማልክታዊ ኃይል ይሰጣሉ፤ በኋለኞቹ ለሰማይ ጌታ፤ በአንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ደግሞ ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ። ሦስተኛው በ356 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ.) የሮሙ ቄሣር ቆንስጣንጥዮስ 2ኛ ለኢዛናና ለሳይዛና የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ እንዲልኩት ይጠይቃል። ሳንቲም መቺው ሩፊኑስን አላነበበም፤ ቄሣሩም ሳንቲሙን ለማስረዳት አልጻፈም። ሦስቱ በተለያየ መንገድ መጥተው አንድ ቦታ ሲገናኙ እምነታችን ይጠነክራል። በምሕንድስና አንድ ነገር በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ሲለካ ውጤቱ ከተቀራረበ እንደምንቀበለው ማለት ነው።

ገደቡ ግን የት ነው? ሳንቲም የሚነግረን የቤተ መንግሥቱን ነው። ገበሬው፣ እረኛው፣ ባለሙያው መቼ አመነ? ለዚያ ቁፋሮ ይረዳል። ከየሃ ብዙ በማይርቀው ቤተ ሰማዕቲ የተገኘውና በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የ4ኛው መቶ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ከአክሱም ከተማ ውጪም አዲሱ እምነት ቀድሞ መድረሱን ያሳያል። ያም ሆኖ አንድ ሕንፃ የአንድን አገር ሕዝብ ልብ አይለካም።

አብዮትና ፎቶግራፍ

የሩሲያው የጥቅምት አብዮት በ1917 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ተካሄደ። ሩሲያ ያኔ በምትጠቀምበት አሮጌ አቆጣጠር ቀኑ ኦክቶበር 25 ስለነበረ ስሙ ከዚያ መጣ። በእኛም ጥቅምት 28 ቀን 1910 ዓ.ም. ስለሆነ ስሙ ለእኛ እንዳለ ይሠራል።

በአእምሯችን ያለው ሥዕል ግን ምንድን ነው? በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በተኩስ መካከል እየሮጠ የክረምት ቤተ መንግሥቱን ሲያጥለቀልቅ። በእውነቱ የዚያ ሌሊት ይዞታ በጣም ጥቂት ሰው የሞተበት፣ የተበታተነና ግራ የተጋባ ሁኔታ ነበር። ትልቁ ሩጫ የመጣው በኋላ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ሦስተኛውን ዓመት ለማክበር በዚያው አደባባይ በሺህ የሚቆጠሩ ተዋናዮች ያሉበት ትርኢት ተዘጋጀ፤ ከዚያም ኤይዘንስታይን ለአሥረኛው ዓመት "ኦክቶበር" የተባለውን ፊልም ሠራ። ከ1920ው ትርኢት የተነሣ ፎቶ ተነካክቶ እንደ እውነተኛው ሌሊት ፎቶ በመጻሕፍት ሲታተም ኖሯል። "በፎቶ አይቻለሁ" ማለት ለካ አይበቃም፤ ፎቶው መቼና ለምን ተነሣ?

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅመናል?

እኛ ያለነው የታሪክ ቁጥር እንደ ድንጋይ በሚወራወርበት ጊዜ ነው። "በዚህ ዘመን የእናንተ አባቶች ከእኛ ይህን ያህል ሰው ፈጅተዋል" የሚል አንድ መስመር ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይወጣና ዛሬ የሚኖሩ ልጆች የማያውቁትን ቂም ይወርሳሉ። ቁጥሩ ከየት መጣ? ማን ቆጠረ? ከርቀት ወይስ አንድ በአንድ? ጸሐፊው እንዲበዛ ወይም እንዲያንስ ምክንያት ነበረው? ከመጽሐፉ ጋር ያልተነጋገረ ሌላ ምስክርስ አለ? እነዚህን ለመጠየቅ ታሪክ መመረቅ አያስፈልግም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ሒሳብ የማይቻለውን ይጥላል እንጂ እውነተኛውን ቁጥር አይወልድም። ዜርክሲስ 1,700,000 እንዳልነበረው አወቅን፤ 100,000 ይሁን 200,000 ግን ማካፈልና ማባዛት ብቻውን አይነግረንም። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፦ የተጋነነ ቁጥር አገኘን ማለት መከራው ቀላል ነበር ማለት አይደለም። ሞተ ከተባለው ግማሹ ቢሆን የሞተው፣ ያም ግማሽ እናት አባት ነበረው። የፈለግነውን ቁጥር ብቻ እየመረጥን የምንፈትሽ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ትክክል ሆኖ እኛ ተሳስተናል።

ስለዚህ ፈተናውን በሚያስከፋችሁ መጽሐፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በምትወዱትም ላይ ሞክሩት። ቤት ካለው የታሪክ መጽሐፍ አንድ የሠራዊት ቁጥር ምረጡና ለአራት አካፍሉ፣ በ1.5 ሜትር አባዙ፤ ከዚያ ካርታ ላይ ዘርጉት። ለአንድ ቀን ስንት ኩንታል እንደሚበላም አስሉ። ቁጥሩ ከቆመ፣ አሁን የምትቀበሉት በሸመደዳችሁት ልክ ሳይሆን በመረመራችሁት ልክ ነው።