ሞኖ ነው ስቴሪዮ? የቤታችሁን ሸክላ ከመሸጣችሁ በፊት

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ስልካችሁ ላይ የድሮ ዘፈን ክፈቱ፤ የዓለማየሁ እሸቴ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የዓሊ ቢራ፣ ደስ ያላችሁን። ኤርፎኑን በሁለቱም ጆሮ አድርጉና ትንሽ አዳምጡ። ከዚያ የቀኙን አውጡ። ቀጥላችሁ የቀኙን መልሱና የግራውን አውጡ። በሁለቱም በኩል የሚሰማው ያው ነው? ወይስ አንዱ ጋ ሳክስፎን፣ ሌላው ጋ ጊታር?

በሁለቱም ያው ከሆነ የሰማችሁት ሞኖ ነው። ከተለያየ ስቴሪዮ ነው። በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው። ግን ይቺ ትንሽ ልዩነት የዓለም ሸክላ ሰብሳቢዎችን ለአሥርት ዓመታት ስታከራክር ኖራለች። አንዱን አልበም በሁለቱም ዓይነት የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ አንደኛው ቅጂ ከሌላው በብዙ እጥፍ የሚሸጥበት ጊዜም አለ።

«እኛ እዚህ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ቁጭ ብለን ይሄ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ያገባናል። ምክንያቱም በወለጋ ከተሞች፣ በነቀምቴም በጊምቢም በደምቢ ዶሎም፣ አልጋ ሥር የተቀመጠ የሸክላ ካርቶን ያለበት ቤት አይጠፋም። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ከባለቤቱ ይልቅ ገዢው ያውቀዋል። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው።

(ለአነጋገር እንዲመች፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መርፌው የሚሄድበት ቦይ

ሸክላ ላይ ያለው ቀጭን መስመር እንደ ቦይ ነው። መርፌው በቦዩ ውስጥ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ ንቅጥቅጡ ድምፅ ይሆናል። በሞኖ ሸክላ ቦዩ መርፌውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ያወዛውዘዋል። አንድ ድምፅ፣ አንድ መንገድ።

በስቴሪዮ ግን የቦዩ ሁለት ግድግዳዎች ሥራ ይከፋፈላሉ። አንደኛው ግድግዳ የግራውን ድምፅ ይይዛል፣ ሌላኛው የቀኙን። ስለዚህ መርፌው ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታችም ይሄዳል። ሐሳቡን እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብለምላይን በ1931 ቢያስመዘግበውም፣ ስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ የቀረበው በ1958 አካባቢ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። የሞኖ ሸክላ በስቴሪዮ መርፌ ሲጫወት፣ መርፌው ቦዩ ውስጥ ያለውን አቧራና ጭረት ወደ ላይና ወደ ታች ሲነጥር ያንንም እንደ ድምፅ ያነበዋል። «ችስስስ… ቋ… ቋ…» የሚለው ነገር ይበዛል። ግራና ቀኙን ደምራችሁ ወደ አንድ ስትመልሱት ከዚያ ጫጫታ የተወሰነው እርስ በርሱ ይጣፋል። ዘፋኙ ሳይነካ አቧራው ይቀንሳል ማለት ነው። የተገላቢጦሹ ግን አደጋ ነው፤ በድሮ ከባድ የሞኖ ራስ ስቴሪዮ ሸክላ ማጫወት ቦዩን ሊፍቀው ይችላል።

ያልተፈለገው ነው የሚወደደው

አሁን ወደ ተማርኩበት ኢኮኖሚክስ ልመለስ። ስቴሪዮ ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ ሞኖ አልበም 3.98 ዶላር፣ ስቴሪዮው ደግሞ 4.98 ዶላር ገደማ ነበር። የአንድ ዶላር ልዩነት በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም፤ በዚያ ላይ ብዙ ሰው ቤት ያለው ማጫወቻ ሞኖ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ስቴሪዮውን የገዛው ጥቂት ሰው ነው። በ1960ዎቹ ማብቂያ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሁሉም ወደ ስቴሪዮ ሄደ፣ በ1968 አካባቢ ትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሞኖን ተዉት።

ውጤቱን ገምቱ። በብዙ አልበሞች ላይ ዛሬ ብርቅ የሆነው የ1958ቱ ስቴሪዮና የ1968ቱ ሞኖ ነው። ሁለቱም በጊዜያቸው ሰው ያልገዛቸው ናቸው። የሰብሳቢ ገበያ ላይ ዋጋ የሚያወጣው ትናንት የተወደደው ሳይሆን ትናንት የተናቀው ነው። ስለዚህ «ውድ ነው» ማለት «የተሻለ ድምፅ አለው» ማለት አይደለም። ይህን ለይቶ የማያውቅ ሰው ሲገዛም ይታለላል፣ ሲሸጥም ይታለላል።

ሌላ ወጥመድም አለ። ስቴሪዮ ፋሽን ሲሆን አንዳንድ ኩባንያዎች የድሮ ሞኖ ቅጂዎችን በማሽን አዛብተው «ስቴሪዮ» ብለው ሸጡ። አንዱን ጆሮ በባስ፣ ሌላውን በቀጭን ድምፅ ይሞሉታል። ከላይ ባደረግነው የኤርፎን ሙከራ ይጋለጣል፤ በሁለቱም ጆሮ ሁሉም መሣሪያ አለ፣ ግን አንዱ የደፈነ፣ ሌላው የሰለለ ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱን በቅናሽም አትግዙት።

ድምፃዊ ሲኖርስ?

የድምፃዊ ጃዝ ሰብሳቢዎች ሞኖን የሚወዱበት የራሳቸው ምክንያት አላቸው። በስቴሪዮ ዘፋኙ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ማለትም ድምፁ በግራም በቀኝም እኩል አለ። መሣሪያዎቹ ወደ ጎንና ጎን ይበተናሉ። ይህ ሁሉ ወደ ሞኖ ሲጠቃለል የመሃሉ ድምፅ ከሁለቱም በኩል ይደመራል፣ የጎኑ ግን ከአንድ በኩል ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዘፋኙ ወደ ፊት ይቀርባል። አጠገባችሁ ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል። ስቴሪዮው ደግሞ ሰፊ ነው፤ ባንዱ የቆመበት አዳራሽ ይሰማችኋል።

አንዳንዴ ልዩነቱ ከጣዕም ያልፋል። የቢሊ ሆሊደይ «ሌዲ ኢን ሳቲን» በ1958 በሞኖም በስቴሪዮም ሲወጣ፣ ሞኖው ላይ ያለ አንድ ዘፈን ከስቴሪዮው ቀርቷል፤ ዘፋኟ ድምፅዋን በኋላ ላይ የጨመረችው በሞኖ ቅጂ ላይ ስለነበር። «ስቴሪዮ ይሻላል» ብሎ የገዛ ሰው አንድ ዘፈን ተቀነሰበት ማለት ነው።

የእኛው ሸክላ

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ግን አምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ የኛ እኩያ ማለት ነው፣ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በራሱ ስም አወጣ። አምሃ ሪከርድስ በ1975 እስኪያበቃ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና አሥር ከምናምን አልበሞችን አሳተመ። ፊሊፕስም ነበር፤ ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቁት ዓሊ አብደላ ካይፋም በካይፋ ሪከርድስ ተከተሉ። በ1970ዎቹ ማብቂያ ካሴት መጣና ሸክላ ቆመ። ሁሉም ነገር አሥር ዓመት አልሞላውም። ሸክላዎቻችን ብርቅ የሆኑት ለዚህ ነው።

ሞኖና ስቴሪዮን በኢትዮጵያ ሙዚቃ ጎን ለጎን መስማት የሚፈልግ ሰው ጥሩ ምሳሌ አለው። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒውዮርክ ላይ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም አወጣ። የለንደኑ ስትራት ሪከርድስ በ2017 በድጋሚ ሲያሳትመው የስቴሪዮውንም የሞኖውንም ቅጂ አብሮ አቀረበ። ዘፈን የሌለበት አልበም ነው፣ ግን ለጆሮ ማሠልጠኛ ይሆናል። መጀመሪያ ስቴሪዮውን ስሙ፣ ቀጥሎ ሞኖውን። ከበሮና ባሱ አንድ ላይ ሲገጥሙ የትኛው ነው የሚያስወዛውዛችሁ? መልሱ የእናንተ ነው፤ «ትክክለኛው ይሄ ነው» የሚላችሁን አትስሙት።

እኛ ሙዚቃ የምንሰማበትን ሁኔታም አስቡ። ባጃጅ ውስጥ በአንድ ስፒከር፣ ወይም አንዱን ኤርፎን ከጓደኛ ጋር ለሁለት ተካፍለን። በስቴሪዮ ከሆነ አንዳችን ሳክስፎኑን፣ አንዳችን ጊታሩን ይዘን እንቀራለን። በሞኖ ግን ሁለታችንም ሙሉውን ዘፈን እንሰማለን። አብዛኛው ስልክ ቅንብሩ ውስጥ «ተደራሽነት» የሚለው ክፍል ላይ ሞኖ የማድረጊያ ማብሪያ አለው። ኤርፎን ስትካፈሉ አብሩት፤ ከላይ ያለውን ሙከራ ስትሠሩ ግን መጥፋቱን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ ሁሉም ነገር ሞኖ ይሆንባችኋል።

ሻጩ የማያውቀው፣ ገዢው የሚያውቀው

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ተንትኖ ነበር፤ በ2001 ኖቤል ያሸለመው ሥራ ነው። እዚያ ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። የሸክላ ገበያ የእሱ ግልባጭ ነው። ሻጩ «አሮጌ ዕቃ» ነው የሚለው፤ ገዢው ግን ሌብሉን ሲያይ ምን እንደያዘ ገብቶታል።

ሰፈራችን ያሉ አንድ አባት አንድ ካርቶን ሸክላ ለዘዋሪ ገዢ በጅምላ ሸጡ። «አባባ፣ ምን ምን ነበረበት?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ ማን አይቶት! የአማርኛም የኦሮምኛም ነበር፣ ማጫወቻው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ» አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ከአንድ ደህና የስልክ ቻርጀር አይበልጥም። ሰውየው ሕግ አልጣሰም፣ አባባም አልተገደዱም። ግን አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ የሚስማማበት ስምምነት ነበር።

ምን ሊሆን እንደሚችል ደግሞ ታሪክ አለን። የማሕሙድ አሕመድ «ኤረ መላ መላ» በ1975 እዚህ በካይፋ ወጥቶ፣ በ1986 ቤልጂየም ላይ በድጋሚ ሲታተም ነው አውሮፓ የደነገጠው። የዋልያስ ባንድ የ1977 ሸክላ «ቼ በለው» ከሰብሳቢዎች ዘንድ በሺዎች ዶላር የሚጠራ ሆኗል። የኃይሉ መርጊያን የ1985 ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ያገኘው አዲስ አበባ እንኳ አይደለም፣ ባሕር ዳር ነው። በ2013 በድጋሚ ሲታተም፣ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ የነበሩት ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ። ባሕር ዳር ከተገኘ ነቀምቴ የማይገኝበት ምክንያት የለም።

ለወለጋ ደግሞ ጉዳዩ ከብር ያልፋል። በአፋን ኦሮሞ የታተመው ሸክላ ከአማርኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፓሪስ ተከታታይ ከ1997 ጀምሮ እየወጣ፣ ለዓሊ ቢራ አንድ ሙሉ አልበም የሰጠው በ28ኛው ቁጥር ነው። ዋናው ቅጂ የጠፋ ዘፈን ካለ፣ የቀረው ብቸኛ ምስክር የአንድ ሰው አልጋ ሥር ያለ ሸክላ ሊሆን ይችላል። ያ ሸክላ በጅምላ ተሸጦ ሲሄድ ዘፈኑም አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አትሽጡ አልልም። ቤት ኪራይ አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ግን ከመሸጣችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ።

አንደኛ፣ የእያንዳንዱን ሸክላ ሁለቱንም ፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። የዘፋኙ ስም፣ የአሳታሚው ስም፣ ቁጥሩ፣ ሞኖ ወይም ስቴሪዮ የሚለው ጽሑፍ፣ እንዲሁም ከሌብሉ ዙሪያ የተጫረው ትንሽ ቁጥር ይታይ። ፎቶው ባለበት ጅምላ ዋጋ የለም፤ ድርድሩ በአንድ በአንድ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ማጫወቻ ያለው ሰው ፈልጋችሁ ድምፁን ወደ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ቅዱት። በማይክ ሳይሆን በገመድ። በሁለት ቻናል ቅዱና ዋናውን ፋይል አስቀምጡ፤ ሸክላው ሞኖ ከሆነ ግራና ቀኙን የደመራችሁትን ቅጂ ለማዳመጫ አውጡ። ጭረቱ ሲቀንስ ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ።

ሦስተኛ፣ በያዛችሁት ጨርቅ አትፈትጉት። ሲወድቅ እንደ ጀበና የሚሰበረው ባለ 78 ዙሩ ዓይነት አልኮል ከነካው ይበላሻል። ሸክላ አቁማችሁ አስቀምጡ እንጂ አትደራርቡ፤ ከፀሐይም አርቁት።

አራተኛ፣ ጠይቁ። ይህን ሸክላ ማን ገዛው? የት ቤት፣ በማን ሠርግ ተጫወተ? ሌብል ላይ ያልተጻፈው ይሄ ነው፣ የሚያውቁትም አንድ በአንድ እያለፉብን ነው። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በ2021፣ ዓሊ ቢራ በ2022 ተለይተውናል። ለሽያጩ ጊዜ አለ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ገዢ ይመጣል። ለጥያቄው ግን ያን ያህል ጊዜ የለንም። በዚህ ሳምንት እናትና አባታችሁን፣ አያቶቻችሁን «ቤት ውስጥ ሸክላ አለ እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁ።