ድምፁ የጠፋ ጥቅል ሁሉ ጠፍቷል?

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ በፖስታ ዕቃ የላከ ሰው የሚያሰማው እሮሮ አንድ ዓይነት ነው። መከታተያ ቁጥሩ ለጥቂት ቀናት ዕቃው የደረሰበትን ከተማ ሲናገር ይሰነብትና፣ ጥቅሉ ከአገር ወጣ ከተባለ በኋላ ዝም ይላል። ሳምንት ያልፋል፣ ሌላም ይደገማል። ያኔ “ጠፋ”፣ ሲብስም “ተሰረቀ” ይባላል። ዝምታው ብቻውን ግን ለሁለቱም ማስረጃ አይሆንም። የስህተቱ ሥር ጥቅሉ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ፖስታ ቤት እጅ ነው ብሎ ማሰብ ነው። የላኪው አገር ፖስታ፣ አየር መንገዱ፣ የተቀባዩ አገር ፖስታና ጉምሩኩ እየተቀባበሉ ነው የሚያደርሱት፤ አንዱም በሌላው ላይ አያዝም። ቅብብሉን የሚገዛው በፈረንጆች 1874 የተመሠረተው የዓለም ፖስታ ኅብረት ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ከአገሩ ቴምብር በተጨማሪ የጂቡቲን ቴምብር ይጠይቅ ነበር።

ዝምታው የሚመጣው ከዚሁ ቅብብል ነው። ጥቅል ባሕር ማዶ ለብቻው አይሄድም። መላኪያው ማዕከል ላይ ከሌሎች ጋር በጆንያ ይታሸጋል፤ ከዚያ ወዲያ በየጣቢያው የሚነበበው የጆንያው መለያ እንጂ የእያንዳንዱ ዕቃ ባርኮድ አይደለም። ጆንያው የአውሮፕላን ቦታ ሲጠብቅም ሆነ ትራንዚት ላይ ሲያድር ላኪው ስልኩ ላይ የሚያየው አዲስ ነገር የለም። መድረሻው አገር ተከፍቶ ዕቃው አንድ በአንድ ሲነበብ ነው መረጃው የሚመለሰው። ቁጥሩ ራሱም በደንብ ላነበበው ብዙ ይናገራል። ዓለም አቀፉ መለያ 13 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ዘጠኝ አኃዞች፣ እንደገና ሁለት ፊደላት። በ“ሲ” ከጀመረ ጥቅል፣ በ“አር” ከጀመረ የአደራ ደብዳቤ፣ በ“ኢ” ከጀመረ ኢኤምኤስ የሚባለው ፈጣን መልእክት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት የሚያሳዩት ዕቃው የተነሣበትን አገር ነው፤ ብዙ ሰው መድረሻው ይመስለዋል። ዘጠነኛው አኃዝ ደግሞ ከፊተኞቹ ስምንት ተሰልቶ የሚወጣ ማረጋገጫ ስለሆነ፣ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ሲጻፍ ሥርዓቱ “እንዲህ ያለ ዕቃ የለም” ሊል ይችላል። ይህን ሰምቶ ዕቃዬ የለም ብሎ የሚደነግጥ አለ።

ሁለተኛው የተስፋፋ እምነት “ስጦታ” ብሎ መጻፍ ከቀረጥ ያድናል የሚለው ነው። የጉምሩክ መግለጫው ላይ “ስጦታ” የሚለው ምልክት የዕቃውን ዓይነት ይገልጻል እንጂ ነፃ መብት አይሰጥም፤ ቀረጡን የሚወስነው የተቀባዩ አገር ሕግ ነው። ፖስታ ቤቱም ዕቃውን ለጉምሩክ ያቀርባል እንጂ ቀረጥ አይተምንም። እዚህ ላይ ላኪው ራሱ ብዙ ጥፋት ይሠራል። “ልብስ” ወይም “የግል ዕቃ” ብሎ መጻፍ ጉምሩኩን ጥቅሉን ከፍቶ እንዲያይ መጋበዝ ነው፤ “2 የጥጥ ሹራብ” ተብሎ ከነዋጋው ቢጻፍ ጥያቄው ይቀንሳል። ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍማ በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ጉምሩኩ ከተጠራጠረ ዕቃው ይያዛል፣ ከጠፋም ካሳው ከተጻፈው ዋጋ አያልፍም። አልኮል ያለበት ሽቶና የጥፍር ቀለም ደግሞ ከአሜሪካ በዓለም አቀፍ ፖስታ አይላኩም፤ ለብቻው የተቀመጠ የሊቲየም ባትሪም እንዲሁ።

ታዲያ በሰው መላክ አይሻልም ወይ የሚል አይጠፋም። ይህን ክርክር ማቃለል አይገባም፤ መተማመን ባለበት ዘመድ እጅ ከማንም ቀድሞ ያደርሳል። ነገር ግን የመንገደኛው ሻንጣም በጉምሩክ ያልፋል፤ ደረሰኝ የለው፣ መከታተያ የለው፣ ካሳ የለው። ከሁሉ በላይ በሻንጣው ውስጥ ለተገኘው ነገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ተሸካሚው ነው። የማያውቀውን የታሸገ ዕቃ ለመንገደኛ ማስያዝ ሰውየውን ለአደጋ መስጠት ስለሆነ፣ እንደ ቀላል ውለታ መታየቱ ያሳዝናል።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፤ “ይህ ሁሉ ለፖስታ ቤት ጥብቅና መቆም አይደለም ወይ? ዕቃ እኮ በእርግጥ ይጠፋል፣ ይሰረቃል” የሚል ነው። ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ይሰበራልም። “ይሰበራል” ተብሎ በቀይ የተጻፈበት ሣጥንም ቢሆን በመለያ ማሽንና በሌሎች ሣጥኖች ሥር ያልፋል፤ የሚያድነው ሲነቀነቅ ውስጡ የማይንቀሳቀስ አስተሻሸግ ነው። መጉላላቱም እውነት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ፖስታ ሲታደል የኖረው በቤት ቁጥር ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ስለሆነ፣ የሰፈር ስም ብቻ የተጻፈበት ጥቅል ባለቤቱን ለማግኘት ይቸገራል፤ የሣጥኑ ቁጥርና የተቀባዩ የሚሠራ ስልክ ከአድራሻው ሁሉ የሚበልጡት ለዚህ ነው። ሥርዓቱ ጉድለት እንዳለበት ማመን ግን አንድ ነገር ነው፤ ጉድለቱ የት እንደደረሰ ሳያውቁ መፍረድ ሌላ። የኋለኛው ዋጋ ያስከፍላል፤ ምክንያቱም “ጠፋ” ያለ ሰው ብዙ ጊዜ መፈለጉን ያቆማል፣ ወይም ተቀባዩን በየመስኮቱ እንዲንከራተት ይልካል።

በሕጉ ፍለጋው የሚጀምረው ከላኪው ነው። በዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት መሠረት የአቤቱታ ጊዜው ዕቃው ከተሰጠበት ማግስት ጀምሮ 6 ወር ሲሆን፣ አቤቱታው ከቀረበ በኋላ የላኪው አገር ፖስታ ከተቀባዩ አገር አቻው ጋር ይጻጻፋል። የአደራ ወይም የዋስትና አገልግሎት ያልተገዛለት ተራ ትንሽ እሽግ ግን ካሳ የለውም፤ ይህ የሚወሰነው ገና መስኮቱ ላይ ሂሳብ ሲከፈል ነው። ስለዚህ ደረሰኙን አትጣሉ፤ የጉምሩክ መግለጫውን ቅጂም አስቀምጡ፤ ዕቃው ከዘገየም ስድስቱ ወር ሳይሞላ ወደ ላካችሁበት ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ፍለጋ አስከፍቱ።