አሥራ ሁለቱ ቮልት ከየት ይምጣ?

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ተሽከርካሪ ለእኛ ለቃሊቲ ልጆች ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ለዛሬ የምናየው ባለሦስት እግሩን ነው፤ የጎልፍ ሜዳ ጋሪም ቢሆን ነገሩ ያው ነው።

በወንድሜ ባጃጅ ላይ አምስት ባለ12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 60 ቮልት ይሰጣሉ። ሞተሩ ሁሉንም ይፈልጋል። መብራቱ፣ ፍሬቻውና ክላክሱ ግን የ12 ቮልት ናቸው። ታዲያ የቮልቴጅ መቀነሻው ሲቃጠልበት ወንድሜ ምን አደረገ? ከአንዱ ባትሪ ላይ ሁለት ሽቦ ስቦ ተገላገለ። መብራቱም በራ! እኔም ጎበዝ ብዬው ነበር።

ጉዱ የታየው ከወራት በኋላ ነው። ያ ባትሪ ከአራቱ ይበልጥ ይደክማል። ቻርጀሩ ደግሞ አምስቱን እንደ አንድ ነው የሚያያቸው፤ በተከታታይ መስመር በሁሉም የሚያልፈው ከረንት እኩል ነውና። አራቱ ሞልተው ሲፈሉ እሱ ገና ነው። ዘወትር ጎዶሎ የሚያድር የሊድ ባትሪ ውስጡ ሰልፌት እየጠጠረበት ይሞታል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። አስቀድሞ የባትሪው መስመር ይላቀቃል፤ 60 ቮልት ቀላል አይደለም። የመቀነሻው መግቢያ ሽቦዎች ከአምስቱ ባትሪዎች ጫፍና ጫፍ ይያያዛሉ። በፖዘቲቩ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ ፊውዝ ይግባ። መውጫው ወደ መብራቱ ይሄዳል።

«ሬዚስተር አይበቃም ወይ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። መብራቶቹ 10 አምፔር ቢወስዱ፣ 48 ቮልት ለማስቀረት ሬዚስተሩ 480 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ለመብራት የሚተርፈው 120 ዋት ብቻ። ጥሩ መቀነሻ ግን ለዚሁ ሥራ ከባትሪዎቹ የሚስበው ከ2 አምፔር ትንሽ በለጥ ያለ ነው።