ለዒድ የሚጋገር የተምርና የለውዝ ብስኩት

ረመዳን ሊያልቅ ሲል በየቤቱ የዒድ ዝግጅት ይጀመራል። በብዙ የሙስሊም አገሮች ለዒድ አል-ፊጥር ብስኩት መጋገር የቆየ ልማድ ነው። ግብጾች የተፈጨ ስኳር የሚነሰነስበትን «ከህክ» ይጋግራሉ፤ ሶርያና ሊባኖስ ውስጥ በተምር ወይም በፉስቱቅ የሚሞላው «መዐሙል» ይወደዳል፤ ኢራቆች ደግሞ «ክለይቻ» አላቸው። ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን ይህን ሙያ ያውቁታል። እኛ ዛሬ የመረጥነው ግን ከሁሉም የሚቀለውን፣ ልጆችም ሊያግዙበት የሚችሉትን ነው።

የሚያስፈልገው 3 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 250 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጥቂት የተፈጨ ሄል፣ ፍሬው ወጥቶ የተከተፈ 1 ኩባያ ተምር፣ ግማሽ ኩባያ ዘቢብና 1 ኩባያ ለውዝ ነው። ተምሩ ራሱ ስለሚያጣፍጥ ስኳር አታብዙ። በቅቤ ፈንታ የታሸገ ስብ የምትገዙ ከሆነ ከምን እንደተሠራ ጽሑፉን አንብቡ፤ የእንስሳት ስብ ከሆነ ሐላልነቱን አረጋግጡ።

ለውዙ ላይ ግን ቆም እንበል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1960 ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲመረመር መንስኤው የሻገተ የለውዝ መኖ ሆኖ ተገኘ፤ መርዙም አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ በሰውም ላይ ጉበትን ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርንም ያመጣል። ለውዝ ሳይደርቅ ሲከማች ወይም እርጥበት ሲያገኘው ሻጋታው ይራባል፤ የባቢሌም ይሁን የሌላ አካባቢ ለውዝ ከዚህ አያመልጥም። ብዙ ሰው ሲቆላ ይጠፋል ብሎ ያስባል፤ መቁላት ግን መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ተፈጭቶ የሚሸጠውን ትታችሁ ፍሬውን ግዙ። በቀን ብርሃን ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውን፣ የተሰባበረውንና የሻጋታ ሽታ ያለውን ለቅማችሁ ጣሉ። መልቀም አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ለዶሮም አትስጡት! ይህን ሥራ ትልልቆቹ ልጆች ቢይዙት ጥሩ ነው፤ ዓይናቸው ከእኛ ይሻላል።

የተለቀመውን ለውዝ ቆልታችሁ፣ ገለባውን አንፍሳችሁ፣ ከፈል ከፈል አድርጋችሁ ውቀጡት። ቅቤውንና ስኳሩን አብራችሁ ምቱ፤ እንቁላሉን ጨምሩ። ከዚያ ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ሄሉን፣ በመጨረሻም ተምሩን፣ ዘቢቡንና ለውዙን ጨምራችሁ አዋህዱ፤ ብዙ አታሹት፣ ይደርቃል። እንደ ትንሽ ሎሚ እያደረጋችሁ አድበልብሉና በመዳፍ ጠፍጠፍ አድርጉት፤ 40 ያህል ይወጣዋል። በ180 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበስላል። ከምድጃ ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ አልበሰለም ብላችሁ አትመልሱት፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ምድጃ የሌላችሁ የሰፈር ዳቦ ቤት ብትጠይቁ ዳቦው ከወጣ በኋላ ሊያበስሉላችሁ ይችላሉ።

ጾመኛ ለአስፈላጊ ጉዳይ በምላሱ ጫፍ ቀምሶ ቢተፋ ዑለማዎች ፈቅደዋል፤ እኛ ግን ከኢፍጧር በኋላ ብትጋግሩ እንመርጣለን። ያኔ የሚቀምስ አይጠፋም።

ብስኩቱ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ይቀመጥ። ለትንንሽ ልጆች ለውዙ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ስለሚችል ለእነሱ የሚሆነውን ሊጡን ከፍላችሁ ያለ ለውዝ ጋግሩ። ለጎረቤት በሳህን ስትልኩም ለውዝ እንዳለበት ንገሩ፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው ጥቂት ቀምሶ እንኳ በጠና ሊታመም ይችላል።