ለወላጆችና ለመምህራን፦ የቀኑ ውጥረት ልጆች ላይ እንዳያርፍ

በዛሬው ዝግጅታችን ልጅ በማሳደግና ልጅ በማስተማር መካከል ጊዜ ስላጠራቸው ወገኖቻችን እንነጋገራለን። ወላጅና መምህር ስንል ሁለት ሰው እንቆጥራለን እንጂ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ቀን ክፍል ውስጥ የዋለችው መምህርት ማታ እናት ናት። ጠዋት ጠመኔ የያዘው መምህር ከዐስር በኋላ መስጂድ ተቀምጦ ሕፃናትን ቁርኣን ያስቀራል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ የራሱ ልጆች ይጠብቁታል።

የመካነ ሰላምንና በዙሪያው ያለውን የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደጋ ኑሮ እንመልከት። ተማሪው ዳገትና ቁልቁለት ወጥቶ ወርዶ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ክፍሉ ይጎድላል፤ ያመለጠውን ማካካስ የመምህሩ ዕዳ ይሆናል። የበልግ ገብስ በሚዘራበት ቀበሌ ደግሞ ልጁ በየካቲትና በመጋቢትም እርሻ ላይ ይፈለጋል። እናት ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ ውኃ ትቀዳለች፣ ታበስላለች፣ ልጆቿን ትሸኛለች፣ ከዚያም የቀኑ ሥራ ይጀምራል። በዚህ ላይ በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። በ2015 በተነሳው ግጭት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሰው ትከሻው ቢከብደው አይገርምም።

ውጥረት የሰውነት ሥራ ነው። አእምሮ አደጋ ያየ ሲመስለው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ቅመሞች ወደ ደም ይለቀቃሉ። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። አላህ (ሱ.ወ) ይህን የፈጠረው ከአደጋ እንድናመልጥበት ነው። ጅብ ቢመጣ ይጠቅመናል። ነገር ግን ያልታረመ ደብተርና ያልተከፈለ የቤት ኪራይ እንደ ጅብ መጥቶ አይሄድም። ከእኛ ጋር ይውላል፣ ከእኛ ጋር ያድራል። ሰውነታችን ከዚያ ሁኔታ ሳይወጣ ሲከርም እንቅልፍ ይጠፋል፣ ራስ ይታመማል፣ በትንሽ ነገር መቆጣት ይመጣል።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ «የኢማን ድክመት ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር የተጨነቀውን ሰው ጭንቀቱን እንዲደብቅ ከማድረግ በቀር ፋይዳ የለውም። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እንደጠፋ ቁርኣን ይነግረናል፤ እርሳቸው ደግሞ ነቢይ ናቸው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀት፣ ከሐዘንና ከዕዳ ክብደት በአላህ ይጠበቁ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት በላይ የነበረው ሙስሊም ምሁር አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት መጽሐፍ ጽፏል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡ በተረጋጋበት ጊዜ የሚያጽናኑ ሐሳቦችን አዘጋጅቶ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ እንዳለበት መክሯል። መዘጋጀቱ በደህናው ቀን ነው፤ ቁጣው ከመጣ በኋላ ማሰብ ይከብዳል።

ቁጣው የሚያርፈው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ መልስ መስጠት በማይችለው ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩን ያልተናገረ መምህር ተማሪውን ይመታል። ባሏን ያልተናገረች እናት ልጇን ትቆነጥጣለች። «ያለ ዱላ ልጅ አይማርም» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ዱላው የሚነሳው ልጁ ስላጠፋ ሳይሆን መቺው ስለደከመ ነው፤ ያው ልጅ ያንኑ ጥፋት በዕረፍት ቀን ቢያጠፋ ይሳቅለት ነበር። የ1987 የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ማስተማርንና ነገርን ማቅለልን ሲያዙ፣ በዚያው ንግግራቸው የተቆጣ ሰው ዝም እንዲል ማዘዛቸውን ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ይህ ለመምህር የተነገረ ያህል ነው። በሌላ ሐዲስ የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለት ጋደም እንዲል መክረዋል። ቁጭ ያለ ሰው ለመማታት መነሳት አለበት፤ በዚያች መካከል ልቡ ይመለሳል። ተቀምጦ አየር በቀስታ ማስገባት፣ ከገባበት ጊዜ አስረዝሞ ማስወጣትም የልብን ምት ያቀዘቅዛል። አምስትና ስድስት ጊዜ መደጋገም በቂ ነው፤ ተማሪ ፊትም ሳይታወቅ ሊደረግ ይችላል።

ከሥራ ወደ ቤት ሲገባ በመሐል ትንሽ ክፍተት ያስፈልጋል። ዐስር ሶላት ለዚህ የተመቸ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ፊትን ነክቶ፣ ሩኩዕና ሱጁድ ተረጋግቶ ተሰግዶ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ በእግር ተሄዶ ቤት ቢገባ የሚገባው ሌላ ሰው ነው። ሶላቱ ራሱ ጥድፊያ ከሆነ ግን ይህ ዕረፍት አይገኝም። የሚያጠባና የሚያለቅስ ልጅ ያላት እናት ደግሞ ረጅም ሶላት አልሆነልኝም ብላ አትጨነቅ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር።

ሥራን መቀነስም ያስፈልጋል። አንድ ስሌት እንሥራ። መምህሩ 60 ተማሪ ያለባቸውን አራት ክፍሎች ቢያስተምር 240 ደብተር አለው። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 480 ደቂቃ፣ ማለትም ስምንት ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን በአንድ ማታ አርማለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። በቀን የአንድ ክፍል ደብተር ብቻ መሰብሰብ፣ አጫጭር ጥያቄዎችን መልሱ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ተማሪዎች ተለዋውጠው እንዲያርሙ ማድረግ ይቻላል። ቤት ውስጥም አባት ውኃ ቢቀዳ፣ ልጅ ቢያጥብ ክብሩ አይቀንስም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተጠይቀው መልሰዋል።

ወሎ ላይ ጭንቀት የሚወራው ቡና ላይ ነው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ መጨዋወቱ መልካም ነው። ሰዓቱ ግን ይታሰብበት። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲተኛ ግማሹ ገና አብሮት ነው። ጫቱማ ከዚህ ይብሳል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ነስቶ ጠዋት ድብርት ያስከትላል፣ የልጆችን ገንዘብም ይወስዳል።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ማልቀሱ ወይም ከሰው መሸሹ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ሰውየው «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ ግን ጉዳዩ ከዕረፍትና ከቡና በላይ ነው። ነገሩን ሁሉ ለጅንና ለዓይነ ጥላ ሰጥቶ ቤት መዝጋት አይገባም። ሩቅያ የሚቀራለትም ሰው ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋልና። የመጀመሪያው ቀን ብቻውን እንዳይሄድ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይከተለው፤ ለሐኪሙም እንቅልፉ ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ፣ ምን ያህል እንደሚበላና ምን ሲል እንደተሰማ ሳይደብቁ ይንገሩት።